ስለ «መቁነጥነጥ» ለወዳጄ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ እንዴት ሰነበቱልህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መጻጻፍ ካቋረጥን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ነገር ግን እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አማርኛ የምታስተምራቸው፣ እዚያው አሜሪካ የተወለዱት ልጆች «መቁነጥነጥ»ን ከ«መቅበጥበጥ» መለየት ተቸገሩ ብለህ ያነሣኸው ጉዳይ ያለ መልስ እንዲቀር አልወደድሁም።

እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ግሥ ቁም ነገር ያለው ከእንቅስቃሴው ይልቅ ሰውየው ባለበት መታሰሩ ላይ ነው። የሚቁነጠነጥ ሰው ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ወይ ይሉኝታ ይዞታል፣ ወይ ትልቅ ሰው ፊት ተቀምጧል፣ ወይም በሚኒባስ የኋላ ወንበር ለሦስት ሰው በተሠራ ቦታ አራተኛ ሆኖ ተጣቧል። ስለዚህ አፉ ሊናገረው ያልቻለውን ወገቡና ጭኑ ይናገሩበታል። ሽምግልና ላይ ሳታየው አትቀርም፦ ነገሩ በሰላም ሲሄድ ቆይቶ አንዱ ሽማግሌ ድንገት «ለመሆኑ የላሟን ዋጋ የተቀበለው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ በርጩማው ላይ ተደላድሎ የነበረው ሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከናነባል፤ እግሩን ይሰበስባል፣ ደግሞ ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ረጋ ብለው «አንተ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል?» ካሉት ግማሹ ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው።

የሚቅበጠበጥ ሰው ግን ያማረው ነገር አለ፤ የሚያቅበጠብጠው ጉጉት ወይም ጥጋብ ነው እንጂ የተቀመጠበት ቦታ አልጎረበጠውም። ቁንጥንጡ ካለበት መላቀቅ ይፈልጋል፤ ቅብጥብጡ ከማያገባው መግባት ይፈልጋል። እርግጥ ነው፣ «ለመናገር ተቁነጠነጠ» ስንል ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ እዚያም ቢሆን ተራውን እንዲጠብቅ የተገደደ ሰው ነው በዓይናችን የሚመጣው።

ሌሎቹን ዘመዶቹን ማስረዳት ብዙ አያስቸግርህም። በትኩሳት የነደደ ሕመምተኛ ይወራጫል፤ ለመታረድ የተጣለ በግ ይንፈራገጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያድራል፤ የተናደደ ወይም የተጨነቀ ሰው ደግሞ ቆሞ፣ ወዲያና ወዲህ እያለ ይንቆራጠጣል። ይህን የመጨረሻውን ከ«መቁነጥነጥ» ጋር የሚያምታቱ ጸሐፊዎች ያናድዱኛል፤ አንድ ሰው በረንዳ ላይ እየተመላለሰ «ይቁነጠነጥ ነበር» ተብሎ ሲጻፍ ሳነብ ወንበር ላቀርብለት ይቃጣኛል።

ስለ ቅርጹም አንድ ነገር ልጨምር። ቀ፣ ነ፣ ጠ ከሚሉት ፊደላት የኋለኞቹ ሁለቱ ተደግመው «ቁነጠነጠ» የሚል አካል ይፈጥራሉ፤ ድግግሞሹም ትንንሽና ተከታታይ የሆነውን እንቅስቃሴ ለጆሮ ያሰማል። ይህ አካል ብቻውን አይነገርም፤ «ተ» ሲቀድመው ሰውየው ራሱ ተቁነጠነጠ፣ «አ» ሲቀድመው ደግሞ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ቁንጫ ወይም አሳፋሪ ጥያቄ፣ አቁነጠነጠው እንላለን። «ቁንጥንጥ» ሲባል ግን ነገሩ ከአንድ ጊዜ ሁኔታ አልፎ ጠባይ ይሆናል፤ ልጅም በቅሎም ይጠሩበታል።

ለተማሪዎችህ ከፍች ይልቅ ድርጊቱን አሳያቸው። ስብከቱ ሲረዝም በእናቱ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ መጀመሪያ እግሩን ያወዛውዛል፤ ቀጥሎ ከወንበሩ ጫፍ ይንሸራተታል፤ እናቱም ዓይኗን ከሰባኪው ሳትነቅል በነጠላዋ ሥር ጭኑን ቆንጠጥ አድርጋ «አትቁነጥነጥ!» ትለዋለች። «መቆንጠጥ»ም ያንኑ ቀ፣ ነ፣ ጠ የያዘ በመሆኑ ሁለቱን ቃላት በአንድ ላይ ብታስተምራቸው ከአእምሯቸው የሚወጡ አይመስለኝም።

ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሯቸውን ዓረፍተ ነገሮች፣ ስሕተታቸውንም ሳታርም፣ ላክልኝ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ