የቤት ቀለምና ማስዋብ ሥራ ዋጋ በምን ይመዘናል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ቤቱን ለማስቀባትና ለማስዋብ የተነሣ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚቸገረው ባለሙያው ያቀረበለት ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅበት መንገድ በማጣቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ከሦስት ባለሙያዎች ዋጋ ተቀብሎ መካከለኛውን መምረጥ የሚል ነው። ምክሩ በቅን ልቦና እንደሚሰጥ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ሦስቱ ሰዎች ዋጋ የሰጡት ለአንድ ዓይነት ሥራ ካልሆነ የሦስቱን ድምር ጎን ለጎን ማስቀመጡ ምንም አይነግረንም። አንደኛው ግድግዳውን ፍቆ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ፣ አለስልሶ ሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ደርቦ፣ ለመቀባት አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ አሮጌውን ቀለም በአዲስ ለመሸፈን ብቻ። ስለዚህ ዋጋው ተገቢ ነው ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት የምን ዋጋ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል፤ ይህንንም ሊመልስ የሚችለው በጽሑፍ የቀረበ ዝርዝር ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከስፋቱ ልጀምር፤ ማንኛውም ሰው በሜትር ለክቶ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነውና። አንዳንድ ባለሙያዎች ዋጋ የሚሰጡት በክፍሉ የወለል ስፋት ነው። የሚቀባው ግን ግድግዳው ስለሆነ ይህ አሠራር ያሳስታል። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ክፍልና ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ክፍል እኩል 20 ካሬ ሜትር ወለል አላቸው፤ ከፍታቸው 2.8 ሜትር ከሆነ ግን የመጀመሪያው ግድግዳ 50.4 ካሬ ሜትር ሲሆን የሁለተኛው 67.2 ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ምሳሌ እንያዝና አንድ በርና አንድ መስኮት ቀንሰን ጣሪያውን ብንጨምርበት የሚቀባው ስፋት ወደ 67 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የተለመደ የውሃ ቀለም በለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ሻካራ ወይም ገና ያልተቀባ ልስን ግን ቀለም ስለሚመጥ ይህን ያህል አያስኬድም። ስለዚህ ለሁለት እጅ ከ11 እስከ 13 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ለዚሁ ክፍል 30 ሊትር የተጻፈበት ዝርዝር ማብራሪያ ሊጠየቅበት ይገባል። 6 ሊትር ብቻ የተጻፈበትም እንዲሁ ሊጠየቅበት ይገባል፤ መጠኑ የሚበቃው ለአንድ እጅ ነውና። ብዙ ሰው ከፍ ያለውን ቁጥር ብቻ ይጠራጠራል። እኔ ግን ዝቅ ያለው ቁጥር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ጉዳቱ የሚታየው ገንዘቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው።

በዚህ ስሌት ባለሙያውን ያለ ጥፋቱ እንዳንወቅስም መጠንቀቅ አለብን። የግድግዳ ወረቀት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በብዛት የሚገኘው ጥቅል ወርዱ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 10 ሜትር ስለሆነ 5.3 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የዚያን ክፍል ግድግዳ በዚህ ብናካፍለው 10 ጥቅል የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ከአንድ ጥቅል የሚወጣው 2.8 ሜትር ርዝመት ያለው ሙሉ ቁራጭ ሦስት ብቻ ነው፤ የሚተርፈው ከጣሪያ እስከ ወለል ስለማይደርስ ከበርና ከመስኮት በላይ ካልሆነ በቀር አያገለግልም። ክፍሉን ለመዞር 34 ቁራጭ ስለሚያስፈልግ የበርና የመስኮቱ ቦታ ሳይቀነስ 12 ጥቅል ይሆናል፤ ሥዕሉ እየተገጣጠመ የሚለጠፍ ከሆነ ደግሞ ብክነቱ ሊጨምር ይችላል። 12 ብሎ የጻፈው ባለሙያ ሥራውን ያውቃል እንጂ አላጭበረበረም።

ዋናው ልዩነት ያለው ግን በዝግጅቱ ሥራ ላይ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምሻውም ይህንኑ ነው። በአሮጌ ግድግዳ ላይ ከመቀባቱ ይልቅ ማዘጋጀቱ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰዱ የተለመደ ነው። የተላቀቀው ቀለም መፋቅ፣ ስንጥቁ መሞላት፣ የተሞላው ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት መለስለስ፣ አቧራው መጠረግ፣ ቅባት የነካው ቦታ መታጠብ አለበት። በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም ለመቀባት ከተፈለገ መጀመሪያ ላዩን ማሻከርና ተስማሚ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ ሥረ ቀለም፣ መቀባት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አዲሱ ቀለም ስለማይዝ ይላጣል። እርጥበት የሚያስገባ ግድግዳ ምንጩ ሳይደፈን ቢቀባ ቀለሙ አብጦ ይረግፋል፤ እንዲህ ያለውን ግድግዳ አይቶ ስለ እርጥበቱ አንድም ቃል ሳይጽፍ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ርካሽም ቢሆን ተገቢ ዋጋ አቅርቧል ለማለት አልደፍርም። በሲሚንቶ የተለሰነ አዲስ ግድግዳም እስኪደርቅ አራት ሳምንት ያህል መታገሥ ይገባል። አዲስ ሲሚንቶ አልካሊነቱ፣ ማለትም እንደ ኖራ ያለ የማቃጠል ባሕርዩ፣ ከፍተኛ ስለሆነ እርጥበቱ ሳይወጣ የተቀባውን የዘይት ቀለም ወደ ሳሙናነት ለውጦ ያበላሸዋል።

ከገንዘብም በላይ የሆነ አንድ ነገር አለ። በአሮጌ ቤቶች ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ይህን ቀለም በደረቁ መፈግፈግ አቧራውን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አሮጌ ቀለም እንዴት እንደሚፋቅና ፍቅፋቂው እንዴት እንደሚወገድ ለይቶ የሚጽፍ ባለሙያ ዋጋው ከፍ ቢል ምክንያት አለው። እንዲህ ያለውን ተጨማሪ ክፍያ በክርክር ለማስቀረት መሞከር የለብንም፤ ስለ ልጆቻችን ጤና ነውና።

እነዚህ ሁሉ በድምሩ ውስጥ አይታዩም። ዋጋ አስቀንሶ የተደሰተ ደንበኛም ብዙ ጊዜ የተቀነሰለት ዝግጅቱ መሆኑን አይገነዘብም። ባለሙያው ሠራተኞቹን መክፈል፣ መሰላሉንና መሣሪያውን ማሟላት፣ ዕቃ ማጓጓዝ፣ ግብር መክፈል፣ የተበላሸ ነገር ሲገኝ ተመልሶ ማረም አለበት፤ ድምሩን ብቻ እየጎተትን ስናስቀንሰው ከነዚህ ሊያስቀር የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ከማይታየው ሥራ ላይ እንዲያጎድል እንገፋፋዋለን። መከራከር ነውር አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ የትኛው ሥራ ይቅር፣ የትኛው ክፍል ለሌላ ጊዜ ይቆይ፣ የቤት ዕቃውን ማን ያንሣ በሚሉት ላይ ቢሆን ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበትን ያውቃሉ።

የጊዜ ገደቡም ዋጋውን ለመመዘን ይረዳል። የውሃ ቀለም ሁለተኛ እጅ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሊቀባ ሲችል የዘይት ቀለም ግን በአብዛኛው እስከ ማግሥቱ መቆየት አለበት። በርና መስኮቱን በዘይት ቀለም ሁለት እጅ ቀብቶ በአንድ ቀን እንደሚጨርስ ቃል የሚገባ ሰው በየእጁ መካከል ስንት ሰዓት እንደሚተው ሊጠየቅ ይገባል።

ከክፍያ አንጻር የቀለም መግዣ የሚሆን ቅድመ ክፍያ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሙሉውን አስቀድሞ መጠየቅ ግን አይደለም። የመጨረሻው ክፍያ ሥራው በቀን ብርሃን ከታየ በኋላ ቢከፈል ይመረጣል፤ በጎን የሚመጣ ብርሃን ያልተስተካከለውን ስቱኮና የሮለሩን ዱካ አጋልጦ ያሳያልና። የቀረበው ዋጋ ቁርጥ ይሁን ወይስ እንደ ሥራው ሊለወጥ የሚችል ግምት በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ከአሮጌው ቀለም ሥር ያልታሰበ ብልሽት ቢገኝ ባለሙያው ሥራውን ከመቀጠሉ በፊት ለባለቤቱ አሳውቆ በተጨማሪው ዋጋ እንዲስማሙም እንዲሁ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው። ቤትን በሚመለከተው ገጻችሁ ላይ አንባቢ ቆርጦ ለባለሙያው ሊሰጠው የሚችል ባዶ የዋጋ ማቅረቢያ ቅጽ ብታትሙልን ብዙዎችን ትረዳላችሁ። ቅጹ የእያንዳንዱ ክፍል የግድግዳና የጣሪያ ስፋት፣ የዝግጅቱ ሥራ ዓይነት፣ የቀለሙ ስምና ደረጃ፣ ስንት እጅ እንደሚቀባ፣ የሊትሩ መጠን፣ የዕቃና የጉልበት ዋጋ ለየብቻ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን የሚሞሉበት ቦታ ቢኖረው ይበቃል። ሦስት ባለሙያዎች ይህንኑ አንድ ቅጽ ሞልተው ቢመልሱልን ያን ጊዜ ዋጋቸውን ማወዳደር እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ