ለአካል ጉዳተኞች ያው ሥራ፣ ያው ደመወዝ

ለአዘጋጁ፦ በሐዋሳ ከባድ አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ሥራ ስለማግኘታቸው ነው የምጽፈው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችላቸው፣ ረዳትም እንዲመድብላቸው ያዛል። መሬት ላይ ግን ጎረቤቴ፣ በዊልቸር የሚሄድ የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ፣ ለፈተና ተጠርቶ ፈተናው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ከደረጃው ሥር ተመለሰ። ያናድዳል! ችሎታውን ማንም አላየለትም።

ሌላው ደመወዝ ነው። ለግል ድርጅቶች በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ «መቅጠራችን ይበቃል» ብሎ ለአካል ጉዳተኛው ከባልደረቦቹ አሳንሶ የሚከፍል አሠሪ አለ። የቤት ኪራዩ እኮ አይቀነስለትም።

ከተማው ክፍት የሥራ ቦታ ሲለጥፍ ደመወዙና መግቢያው ለዊልቸር መመቸቱ አብሮ ይጻፍ። ለአዲስ ተቀጣሪዎችም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሥራ ቦታቸው ድረስ እየሄደ የሚያግዝ አሠልጣኝ ይመደብ።