ለሁለት የተከፈለው ጀርባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወረቀትን ከመስታወት ጋር አጣብቆ ፀሐይ ላይ የሚይዘው የፎቶ ማተሚያ ፍሬምሽ ተሠርቶ አልቋል። እናትሽ በነጠላ ጠቅልላው ወደ አንቺ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጀርባው ለሁለት ተከፍሎ በማጠፊያ ይያያዝ ብለሽ ሥዕሉን ልከሽልኝ ነበር። እኔ 40 ዓመት በር ስሠራ የኖርኩት ሰውዬ፣ ደህና ጣውላ ምን ሲባል ይቆረጣል ብዬ አንድ ወጥ አደረግሁት። ከዚያ ክረምት ላይ የተውሻቸውን፣ ሳያኖታይፕ ለምትዪው ሰማያዊ የፎቶ ኅትመት የሚሆኑትን ሁለት የኬሚካል ጠርሙሶች አወጣሁ። አሞኒየም ፌሪክ ሲትሬቱ ሻግቶ ስለነበር በጨርቅ አጠለልኩት። የሌላውን ስም እናትሽ አንብባ፣ «ሲያናይድ» የሚለውን ስታይ ከወጥ ቤት አባረረችኝ። ፌሪሲያናይድ ሌላ ነው ብላት ማን ሰምቶኝ! ሱቄ ሄጄ ደባልቄ ወረቀቱን ቀባሁ፣ ጨለማ ውስጥ አደረቅሁት፣ የጌሾ ቅጠል አስተኝቼበት ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አወጣሁት።

አምስት ደቂቃ አላስቻለኝም። ደርሶ እንደሆን ልይ ብዬ ጀርባውን ብከፍት ወረቀቱ ሸርተት አለ። ታጥቦ ሲወጣ ቅጠሉ ሁለት ሁለት ጠርዝ አብቅሏል፤ ጌሾ አይደለ፣ የሰከረ ይመስላል። ለካ አንዱ ወገን ተከፍቶ ሲታይ ሌላው ወረቀቱን ጨብጦ የሚይዘው ለዚህ ኖሯል።

ሁለተኛውን ፍሬም እንደ ሥዕልሽ ከደረቀ ዋንዛ ሠራሁት። ጀርባውን ወደ መስታወቱ የሚጫኑት ሞላዎች ካረጀ የማሽን መጋዝ ላማ የተቆረጡ ናቸው፤ ጥርሱን በሞረድ አጥፍቼዋለሁ። ጀርባው ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለጥፌበታለሁ፣ ወረቀቱ መስታወቱን ካልነካ ምስሉ ይደበዝዛልና። መስታወቱን እዚያው ግዢ፤ 20 በ25 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ፣ ተራ የመስኮት። ፀሐይ ተከላካይ የሆነውን እንዳይሰጡሽ፤ እሱ የሚያስቀረው ጨረር ነው ወረቀቱን የሚያበስለው።

ሰማያዊው ግን ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሙያ ያስተማሩኝ ጌታዬ መሳቢያ ውስጥ ነጭ መስመር የተሰመረበት ሰማያዊ የሕንፃ ፕላን ነበር። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ያው የአንቺ ዘዴ መሆኑን ሳውቅ፣ ፕላኑን ሳልለምናቸው መቅረቴ ቆጨኝ።

አሁን ደግሞ ለእርጥብ ኮሎዲዮን፣ ማለትም ኬሚካል በተቀባ እርጥብ መስታወት ላይ ፎቶ ለሚነሣበት የድሮ ዘዴ፣ የመስታወት መያዣ ሥራልኝ ብለሻል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር እ.ኤ.አ. በ1851 ያወጣው ይህ ዘዴ ለአናጺ የከፋ ነው። መስታወቱ ሳይደርቅ ፎቶ ተነሥቶበት መታጠብ አለበት፣ የሚንጠባጠበው የብር ናይትሬት ደግሞ እጅ ያጠቁራል፣ ቫርኒሽ በደንብ ያልጠጣ እንጨትም ይበላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ልኩ ነው። ምስሉን የምታጠሪበት የተፈተገ መስታወትና መያዣው ውስጥ የሚገባው መስታወት ከሌንሱ እኩል ካልራቁ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ለዚህ እንደ በር በዓይን አይገመትም። ስለዚህ የካሜራሽን ጀርባ ለክተሽ ላኪልኝ፣ በኢንች ሳይሆን በሚሊ።

አባትሽ