የፍሪሲዮን አየር በቤት ይወጣል፤ መግቢያው ግን ይፈለግ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ ስለ ተሽከርካሪ እንክብካቤ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ስለ ፍሪሲዮን የተሰጠውን ምክር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት፣ በሚሠራ ፍሪሲዮን ውስጥ የገባን አየር ባለመኪናው በቤቱ ለማስወጣት እንዳይሞክር መክረዋል፤ ወረድ ብለውም ዘይቱ ሲቀንስ «እየሞሉ መጠቀም» እንደሚቻል ጽፈዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የአውቶሞቲቭ ሙያ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ የመጀመሪያው ምክር ከሚገባው በላይ የጠበቀ፣ ሁለተኛው ደግሞ አደጋ ያለበት ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከሁለተኛው ልጀምር። የፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡና ተጨማሪ ዘይት ስለሚይዙ፣ በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ያለው መጠን በጊዜ ብዛት ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የፍሪሲዮን ነገር ግን ተቃራኒው ነው። ራሱን በሚያስተካክል የሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን ላይ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ በካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ሲሊንደር ፒስተን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ፣ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የራሱ ማጠራቀሚያ ባለው ፍሪሲዮን ላይ ዘይት ቀነሰ ማለት አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም። ዘይት ያስወጣው ቦታ ፔዳሉ ሲለቀቅ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ በየጊዜው ጋራዥ እየሄዱ «አየር አስወጡልኝ» የሚሉ ብዙ ሾፌሮች ገንዘብ የሚከፍሉት መግቢያው ሳይዘጋ ለገባው አየር ነው። እንዲህ ያለውን ደንበኛ ዝም ብሎ የሚያስተናግድ መካኒክም አላጣሁም።

የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪና ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያ ከሾፌሩ እግር በላይ፣ የፔዳሉ ዘንግ ወደ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ታችኛው ሲሊንደር ወደሚገፋው) በሚገባበት በኩል በጣት ሲዳሰስ እርጥበት ካለ ወይም ዘይቱ ተንጠባጥቦ ምንጣፉን አርሶት ከተገኘ፣ የማስተሩ ጎሚኒ አልቋል። ከዚያ ወደ ታችኛው ሲሊንደር ወርዶ የአቧራ መከላከያ ላስቲኩን ቀስ ብሎ ገለጥ ማድረግ ነው፤ ውስጡ ደረቅ መሆን ሲገባው ጥቁር ዘይት ጠብ ካለ፣ አየር ማስወጣቱን ትቶ ጎሚኒውን ወይም ሲሊንደሩን መቀየር ይቀድማል። በሁለቱ መካከል ያለው ላስቲክ ቱቦም ጫፍና ጫፉ ይታይ።

ፍሳሹ ከተገኘና ከተጠገነ በኋላ ያለው ሥራ በቤት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለት ሰው፣ በታችኛው ሲሊንደር ላይ ላለው የአየር ማስወጫ ብሎን ልክ የሆነ ቁልፍ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦና ማኅተሙ ያልተነካ የፍሬን ዘይት ይበቃል፤ ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በዚሁ ዘይት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ ጎማዎቹም በታኮ ይደገፋሉ፤ ከሥር መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ በክሪክ ብቻ ተማምኖ መግባት ፈጽሞ አይገባም። የማጠራቀሚያው ክዳን ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ የድሬዳዋን አቧራ የሚያውቅ አንባቢ ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ቱቦው በአየር ማስወጫው ብሎን ጫፍ ላይ ከተሰካ በኋላ ሌላኛው ጫፉ ጥቂት ዘይት በተጨመረበት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እንዲጠልቅ ይደረጋል።

በእኛ ቤት ፔዳሉን የምትረግጠው ልጄ ናት። ከሥር ሆኜ «እርገጪ» ስላት ቀስ እያለች ደጋግማ ትረግጥና፣ በመጨረሻ እስከ ወለሉ ተጭና «ያዝኩ አባዬ» ትለኛለች። በዚህ ጊዜ ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ስከፍተው ዘይቱ ከአረፋ ጋር እየተንተከተከ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል፤ ብሎኑን መልሼ ከዘጋሁ በኋላ ብቻ «ልቀቂ» እላታለሁ። ብሎኑ ሳይዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ በብሎኑ ጥርስ ዙሪያ አየር ተመልሶ ስለሚሳብ፣ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነው። በየመሐሉ ማጠራቀሚያው እየታየ ይሞላል። ባዶ እንዲሆን ከተተወ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ አንድ ማጠራቀሚያ በሚጋሩባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ፍሬኑም ሊሻገር ይችላል። አረፋው ቆሞ የሚወርደው ዘይት ንጹሕ ሲሆን ብሎኑ ይጠበቃል፤ ይሁንና ውስጡ ክፍት ስለሆነ በጉልበት የሚያጠብቀው ሰው ይሰብረዋል።

አንዳንድ ጊዜ አረፋው ቆሞም ፔዳሉ እንደላላ ይቀራል። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ የታችኛው ሲሊንደር ሲገጠም የአየር ማስወጫው ብሎን ከላይ ካልሆነ የቱንም ያህል ቢረገጥ አየሩ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። በተፈጥሮ መንገዱ ማስወጣት የሚሻ ሰው ንጹሕ ዘይት በስሪንጅ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ መግፋት ይችላል፤ ማጠራቀሚያው ሞልቶ እንዳይፈስ ግን አስቀድሞ ይቀነስለት። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የፔዳሉ ዘንግ ነው። ዘንጉ ያለ ምንም ክፍተት ከማስተሩ ፒስተን ጋር ተጣብቆ ከተስተካከለ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ፣ ከማጠራቀሚያው የሚመጣው ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ እንደተሸፈነ ይቀራል፤ ፔዳሉ ላይ ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ፈርተው ከሆነ የሚፈራው የት እንደሆነ በግልጽ ቢጽፉት መልካም ነበር። አየር ያለበት ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው በሚገባ አይለያይም፤ ማርሽ እየጮኸ ይገባል ወይም ጭራሽ አይገባም። ይህ ሳቢያን አካባቢ ባለው ሜዳ መንገድ ላይ ቢደርስ ማፈሪያ ነው። ከሐረር ሲመለሱ በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማርሽ ለመቀነስ ብሎ ወደ ዜሮ ያወጣ ሾፌር ዝቅተኛው ማርሽ እምቢ ካለው፣ መኪናው ያለ ሞተሩ እገዛ ጠመዝማዛውን ይንደረደራል፣ ሸክሙም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም በቤቱ አየር ያስወጣ ሰው በመጀመሪያ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ፔዳሉን ረግጦ ጥቂት ሰከንዶች ከጠበቀ በኋላ የኋላ ማርሽ ሳይጮኽ መግባቱን ይፈትን፤ ከዚያም ለጥቂት ቀናት ከተማ ውስጥ ነድቶ ዘይቱ ካስቀመጠበት ምልክት አለመውረዱን ሳያረጋግጥ ወደ ደንገጎ አይውጣ።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር ልጨምር። ለአብዛኞቹ ሃይሉክስ፣ ሃይኤስና ላንድክሩዘር የሚሆነው ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ነው፤ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይቀድማል። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ ውኃ ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መፍያ 140 ዲግሪ ነው፤ ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዝዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ ምልክት በሌለው ጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይት ስንት ጊዜ ክዳኑ ተከፍቶ እንደቆየ ማንም አያውቅም። የሞተር ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት በምትኩ መጨመር ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል፤ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብም እንዲሁ። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዘይቱ የመኪና ቀለም ይልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ወዲያውኑ በብዙ ውኃ መታጠብ ያስፈልጋል። አሮጌውን በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚደፉ ሰዎች ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ መሆኑን የረሱ ይመስላሉ።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል የሚሆኑበት አንድ ሁኔታ እንዳለ ግን አልክድም። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ የታችኛው ሲሊንደር ከኩሽኔታው ጋር ተጣምሮ በካምቢዮው መጋጠሚያ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ካፈሰሰ ካምቢዮ ሳይወርድ መጠገን አይቻልም፤ ይህ የቤት ሥራ አይደለም። ባጃጅ ፍሪሲዮኑ በካቦ የሚሠራ በመሆኑ ከጉዳዩ ውጭ ነው።

በመሆኑም ዝግጅት ክፍሉ «እየሞሉ መጠቀም» የሚለውን ምክር በሚቀጥለው እትም እንዲያርመው በትሕትና እጠይቃለሁ። ከዚህ ቀደም ጽሑፉን አምኖ ዘይት ሲሞላ የቆየ አንባቢ ካለም፣ ዛሬውኑ የታችኛውን ሲሊንደር ላስቲክ ገልጦ ይመልከት።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ