መፈተሻ ጠረጴዛችን ያለ ሚተር ቆሟል፤ 28,500 ብር ይቀረናል

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን፣ የደሴና የአካባቢዋ ልጆች፤ እዚህ ያላችሁም፣ ባሕር ማዶ ያላችሁም።

እንደገና እጃችንን ዘርግተን መጣን። ደጋግሞ መለመን ለእኛም አልቀለለንም። ግን ሽቦአቸው እንደ አዲስ ተጠቅልሎ ያለቀ ሰባት የወፍጮ ዲናሞዎች (ሞተሮች) በቅሬያችን (በእድራችን) ወርክሾፕ ጥግ ተደርድረዋል። ሳንፈትሽ ለባለቤቶቹ አንሰጥም። መፈተሻ ጠረጴዛው ደግሞ ሚተር፣ ማለትም ቮልት፣ አምፔርና ዋት የሚለካ መሣሪያ፣ የለውም።

የሆነው ይህ ነው። ሰኔ ላይ በነፋስ ኒውትራሉ (የመብራት መስመሩ መመለሻ ሽቦ) ተበጠሰ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ፒዜም የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ሚተሮች ናቸው። እያንዳንዱ ከመስመሩ ሦስት ባለ ኃይል ሽቦዎች (ፌዞች) አንዱን ብቻ ያነባል፣ የሚችለውም እስከ 260 ቮልት ነው። ኒውትራል ሲሄድ አንዱ ፌዝ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ 380 ይጠጋል። ሁለቱ ወዲያው ጨሱ። ሦስተኛው ይበራል እንጂ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ሰው አለመነካቱ ነው ደጉ፣ አልሐምዱሊላህ።

«ርካሽ ገዝታችሁ ብራችንን አቃጠላችሁ» የሚለውን ወቀሳ በቅሬው ስብሰባ ሰምተናል። ግማሹ እውነት ነው። ግን በኅዳር 2014 መጨረሻ በጦርነቱ ከተሰደድንበት ስንመለስ እዚህ ቤት የጠበቀን ግድግዳው ብቻ ነበር። ሞርሳው እንኳ ከነጠረጴዛው ተነቅሎ ሄዷል። ከዚያ ተነስተን ነው ጣሪያ የመታነው፣ መጠቅለያ የገዛነው፣ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት ፌዝ) መስመር ያስገባነው። የተረፈን ብር ከእነዚያ ሚተሮች አላለፈም። እነሱም ቢሆኑ አገልግለውናል፤ ዲናሞውን እዚሁ እየፈተሽን ጠግነናል። ድሮ የኩታበርና የሐይቅ ዲናሞ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ይጫን ነበር።

«ክላምፕ ሚተር አላችሁ አይደል?» የሚሉም አሉ። አለን፣ ሽቦውን ቆንጥጦ አምፔር ይነግረናል። ጭነት የሌለው ዲናሞ ግን ፓወር ፋክተሩ (ከሚስበው ኃይል በእውነት ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) በጣም ዝቅተኛ ነው። አምፔሩ ብዙ ይመስላል፣ ዋቱ ትንሽ ነው። አንድ ጊዜ በአምፔር ብቻ ፈርደን የአንዲት እናት ዲናሞ ተበላሽቷል አልን። ፈትተን እንደገና ጠቀለልነው። ቁጥሩ ያው ሆነ። ለካ ቀድሞም ደህና ነበር፤ የመዳቡን ኪሳራ እኛው ቻልን።

አሁን የመረጥነው ሦስቱንም ፌዝ አንድ ላይ የሚያነብና 380 ቮልትን የሚችል አንድ ሚተር ነው። ከረንቱን በሲቲ (አምፔሩን አሳንሶ ለሚተሩ በሚሰጥ ቀለበት) በኩል ይወስዳል፤ ያሰብነው 50/5፣ ማለትም 50 አምፔርን ወደ 5 የሚያወርደው ነው። የ7.5 ኪሎዋት ዲናሞ በሙሉ ጭነት 15 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ይበቃናል። ለትንንሾቹ ሽቦውን በሲቲው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ አሳልፈን ንባቡን ለሁለት እናካፍላለን። ከዚህ የበለጠ ውድ አለ፣ ላብራቶሪ ያስቀምጠው። እኛ ወፍጮ ነው የምንጠግነው። ቮልቴጅ ሲዛባ መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌይም ጨምረናል። ይሄን ቀድመን አለማስገባታችን የኮሚቴው ጥፋት ነው፣ አንክድም።

ሚተሩ፣ ሲቲዎቹ፣ ሪሌዩ፣ ሳጥኑና ገመዱ ተደምሮ 46,000 ብር ነው። 17,500 ገብቷል። «አብሽሩ፣ ይሞላል» ያላችሁን ብዙዎች ናችሁ፤ ከነሐሴ ወዲህ ግን አንድ ብር አልገባም። ለኮሚቴው አበል የሚባል ነገር የለም፣ ታክሲ የምንከፍለው ከኪሳችን ነው። ሙስሊሙ ሰደቃ ይበለው፣ ክርስቲያኑ ምጽዋት። በቅሬያችን ሬሳ አብረን ተሸክመናል፣ አንድ ሚተር አይከብደንም።

ብሩ የሚገባው በቅሬው ስም በተከፈተው የንግድ ባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ተመቶበት በወርክሾፑ በርና በቅሬው ቤት ተለጥፏል። ሩቅ ያላችሁ ሰፈር ያለ ዘመዳችሁን ልካችሁ ፎቶ አስነሱት። በግለሰብ ስም ቴሌብር አንቀበልም። ሌላ ቁጥር የላከላችሁ ካለ እኛ አይደለንም።

ስታስገቡ «ሚተር» ብላችሁ ጻፉበት። ባለፈው ያልተጻፈበት ብር ከቀብር መዋጮ ጋር ተደባልቆ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ደረሰኙን ለገንዘብ ያዡ አሳዩ፣ ስማችሁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። 50 ብርም ቢሆን ይመዘገባል።

ኅዳር ላይ አዲሱ እህል ሲወቃ ወፍጮ ቤቱ ሁሉ ይጨናነቃል። ስለዚህ እስከ መስከረም 30 አስገቡልን። በድጋሚ፦ ንግድ ባንክ፣ በቅሬው ስም፣ «ሚተር» ብላችሁ።