የወንዶች ቴኒስ ሲዘጋ ሴቶቹን አትውቀሱ

ውድ አዘጋጅ፣

የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ሲያጥራቸው መጀመሪያ የሚነኩት ትንንሾቹን ስፖርቶች ነው። የወንዶች ሜዳ ቴኒስ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የሚኒሶታ፣ የአይዋ እና የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች ቴኒስ ቡድናቸውን እንደሚዘጉ አስታውቀዋል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር «ለሴቶቹ ቦታ ለመስጠት ሲባል ወንዶቹ ተሰዉ» የሚል አስተያየት አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው አስተያየት ነው። ልክ አይደለም፤ ሴቶቹንም ይበድላል።

ሁልጊዜ የሚከሰሰው ታይትል ናይን የሚባለው የ1972 ሕግ ነው። ሕጉ የሚለው የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት ማንም በፆታው ምክንያት አይገለል ነው። የወንዶችን ቡድን ዝጉ የሚል ቃል የለበትም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሕጉን ማክበሩን ከሚያሳይባቸው መንገዶች አንዱ የሴትና የወንድ ስፖርተኞቹ ድርሻ ከተማሪዎቹ ቁጥር ጋር መመጣጠኑ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል (እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም) የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ የፉትቦል ቡድን ከመቶ በላይ ወንዶችን ይይዛል። በሴቶች በኩል ይህን የሚያክል ቡድን የለም። ስለዚህ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲባል ከሌሎቹ የወንዶች ስፖርቶች ይቀነሳል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከፍተኛው ዲቪዚዮን ለሴቶች ቴኒስ የሚፈቀደው ስኮላርሺፕ 8 ነበር፤ ለወንዶች 4.5። አዎ፣ አራት ተኩል፤ አሠልጣኙ ለልጆቹ እየከፋፈለ ነበር የሚሰጠው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው ለሴቶቹ አድልዎ ተደርጎላቸዋል ቢል አይገርምም። የፉትቦሉን የያኔ 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ አጠገባቸው ሲያስቀምጥ ግን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ፉትቦልን ጠልቼ አይደለም። ስታዲየም ይሞላል፣ ገንዘብም ያመጣል። የወንዶቹን ኮታ የበላው ማን እንደሆነ ግን በግልጽ ይነገር።

ስፖርተኞች የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራውን ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ከሰው በ2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት አሠራሩን ቀይሮታል። ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶቹም የሴቶቹም ቴኒስ ቡድን እስከ 10 ተጫዋች ይይዛል፤ ለሁሉም ስኮላርሺፕ መስጠት ይቻላል። በወረቀት ሲታይ ደስ ይላል። ግን ያው ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቹ እንዲከፍል ፈቅዷል። ክፍያው በአብዛኛው የሚሄደው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? የምፈራው ከትንንሾቹ ስፖርቶች እንዳይሆን ነው። አሁን ሴቶቹም ቢሆኑ ከአደጋው ነፃ አይደሉም።

ቴኒስ ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች እጅግ የሚቀራረቡበት ስፖርት ነው። ወንዶቹም ሴቶቹም በአንድ ግጥሚያ ስድስት ነጠላና ሦስት ጥንድ ጨዋታ ያደርጋሉ። ሦስቱ ጥንድ ተደምረው የሚያስገኙት አንድ ነጥብ ነው። ከሰባቱ ነጥብ አራቱን ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ብቻን የሚለፋበት ስፖርት እዚህ የቡድን ይሆናል። አንዷ የራሷን ጨርሳ ወደ ጓደኛዋ ሜዳ ትሮጣለች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች። ሜዳው፣ መረቡ፣ መብራቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ አንዱን ቡድን መዝጋት የሜዳውን ወጪ አያስቀርም። የሚተርፈው የጥቂት ልጆች ስኮላርሺፕ፣ የጉዞ ወጪና የአሠልጣኞች ደመወዝ ነው።

ከእነዚህ ሜዳዎች የወጡትን ታላላቅ የቴኒስ ተጫዋቾች እናስታውስ። አርተር አሽ በ1965 የዩኒቨርሲቲዎችን የነጠላ ሻምፒዮና ያሸነፈው በሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ተማሪ ሆኖ ነው። ቢሊ ጂን ኪንግ በዚያው ከተማ በሌላ የመንግሥት ኮሌጅ ስትማር፣ በ1961 የዊምብልደን ጥንድ ሻምፒዮን ሆና ሳለ እንኳ ስኮላርሺፕ አልነበራትም። ሴት ስለነበረች። በእኛ ዘመን ዳንዬል ኮሊንስ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቤን ሼልተን ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ወጥተዋል። ኮሊንስ በ2022 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደርሳለች፤ ሼልተን በ2023 የዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ። የሴቶቹ በር የተከፈተው በስንት ትግል ነው። ያንን ትግል የወንዶቹ መዘጋት ሰበብ ማድረግ ያሳዝነኛል።

እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የሕዝብ ናቸው። ቡድን ለመዝጋት ሲያስቡ ከውሳኔው በፊት ሂሳቡን ያውጡ፦ ለፉትቦል ስንት ወጣ፣ ለአሠልጣኞች ስንት ተከፈለ፣ ቴኒስ ሲዘጋ በትክክል ስንት ይተርፋል። ለተጫዋቾቹም ቀደም ብለው ይንገሯቸው። ብዙዎቹ ከውጭ አገር በተማሪ ቪዛ የመጡ ናቸው፤ በትምህርት ዘመኑ መሀል «ቡድኑ የለም» ሲባሉ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚፈልጉበት ጊዜ አያገኙም። እናንተም እንዲህ ያለውን ዜና ስትዘግቡ «በሴቶች ሕግ ምክንያት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የፉትቦሉን በጀት ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቴኒስ ወዳጅ