ከተማዋ አዲስ ናት፤ መሬቱ ግን አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ከተሞች ሲስፋፉ ከመሬት በታች ያለው ቅርስ ስለሚሆነው ነገር ባወጣችሁት ዘገባ አክሱም አለ፤ ላሊበላ አለ፤ ለንደን ሳይቀር አለ። የእኛ ተራ ሲደርስ ግን ዘጋቢያችሁ «እንደ ሐዋሳ ባሉ አዳዲስ ከተሞች ጉዳዩ ብዙም አያሳስብም» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተገላገለን።

ከተማዋ በ1950ዎቹ መቆርቆሯ እውነት ነው። መሬቱ ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር አብሮ አልተመረቀም። ዘጋቢው በዲላ መንገድ ትንሽ ቢወርድ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ባየ ነበር፤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ወደ ሰሜን ቢመለስ ደግሞ ባቱ አጠገብ ከ270 ሺሕ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች የተገኙበት ገደሞታ አለ። በሁለቱ መካከል የምንኖረው እኛ ብቻ፣ እንደ ዘገባው ከሆነ፣ ማንም ረግጦት በማያውቅ አፈር ላይ ተቀምጠናል። እግዚአብሔር ይስጥልን!

ይህን የምጽፈው በንባብ ብቻ ተቆጥቼ አይደለም። በከተማዋ ዳርቻ ለቤቴ መሠረት ሳስቆፍር ገልና የተፈለጠ ባልጩት ወጣ። እንደ ዜጋ ሄጄ አሳወቅሁ። «ሥራውን አቁም፤ ባለሙያ ይመጣል» ተባልኩ። አቆምኩ። ባለሙያው አልመጣም፤ ዝናቡ ግን መጣ። ጉድጓዱ ተናደ፣ ሲሚንቶው ደረቀ፣ ግንበኞቹም የቀን ሒሳባቸውን አልማሩኝም። እኔን ግን ጉዳዩ አሳስቦኝ ነበር፤ ለካ የማያሳስብ ኖሯል!

ዘገባው እንግሊዝ ውስጥ ከግንባታ በፊት የሚደረገውን የቅርስ ቁፋሮ መንግሥት ከካዝናው የሚከፍልለት አስመስሎ «ድሃ አገር አይችለውም» ሲል ይደመድማል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው የዕቅድ መመሪያ ወዲህ ቅርስ ይኖርበታል ተብሎ በሚገመት ቦታ ላይ መገንባት የሚፈልግ ሰው ፈቃዱ ከመወሰኑ በፊት ቦታውን ያስጠናል። ባለሙያዎች ቦይ ከፍተው ያያሉ፤ ቁፋሮ ካስፈለገ ወጪው የገንቢው ነው፤ ከብረቱና ከአሸዋው ጋር በበጀቱ ይያዛል። የመንግሥት ድርሻ በዋናነት ማስገደዱ ነው። ማስገደድ ደግሞ፣ እንደማውቀው፣ እኛ አገር እጥረት ኖሮበት አያውቅም።

የእኛስ ሕግ? የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ በግንባታ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እንዲጠብቅ ያዛል። የቅርስ ባለሥልጣኑ ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ ስድስት ወር ካለፈ አግኚው ለክልሉ ኃላፊ በጽሑፍ አስታውቆ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ስድስት ወር! በሐዋሳ ዝናብ የተከፈተ መሠረት ስድስት ወር ያቆየ ሰው ካለ አስተዋውቁኝ። በዓለም ባንክ ብድር የሚሠራ ፕሮጀክት በቁፋሮ ወቅት ቅርስ ቢወጣ የሚከተለውን ደንብ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። ለእኔ ዓይነቱ ብድር ለሌለበት ግን የግንባታ ፈቃዱ ስለ ደረጃው፣ ስለ አጥሩና ስለ መጸዳጃው ጠይቆኝ ስለ አፈሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ እዚህም የሚከፍለው ገንቢው ነው። ልዩነቱ እዚያ ሁሉም አውቆትና ተዘጋጅቶበት ይከፍላል፤ እዚህ የሚከፍለው ያየውን የተናገረው ብቻ ነው። ጎረቤቴ ከእኔው ዓይነት ገል አግኝቶ በዚያው ሌሊት አስደፈነው። ዛሬ ተከራይ አስገብቷል።

ዘጋቢያችሁ ቢፈልግ ቦታውን አሳየዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ስለ ሐዋሳና ስለ እንግሊዝ የተጻፉት ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በዚያው ገጽ ላይ እንዲታረሙ እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ